«ፓርክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ያለው ፍችና አገባብ፤ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስያሜ መነሻነት የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በዛሬው አማርኛ የሕግ፣ የዜናና የማስታወቂያ ጽሑፎች ውስጥ አዘውትረው ከሚገኙት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ፓርክ» ነው። ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተቋቋመው ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስም ጋር ብዙ ዓመት ሰምተነዋል። «ብርክ» እና «ድርቅ» የሚሉትን ቃላት ያለ ችግር የሚናገር አንደበት፣ በሁለት ተነባቢ የሚዘጋውን ይህን ቃል ለመናገርም አይቸገርም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ቃሉ ባዕድ ነውና ይውጣ» ለማለት የተነሣ አይደለም። ዓላማው «ፓርክ» በአማርኛ ውስጥ የያዛቸውን ፍቾች ለይቶ ማሳየትና «ኢንዱስትሪ ፓርክ» በሚለው ስያሜ የተጨመረው የመጨረሻው ፍች በተርጓሚው፣ በአንባቢውና በተለይም በሠራተኛው ላይ የሚያስከትለውን መደናገር መመርመር ነው።

ለምርመራው አዳማ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ከተማ ተነሥቶ በስተምሥራቅ በድሬዳዋ መንገድ የሚጓዝ ሰው ደግሞ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ያገኛል። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን በባሕርያቸው ምንም የማይገናኙ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ሳላ የሚሰማራበት ሜዳ ሲሆን ሁለተኛው ልብስ የሚሰፋበት ቦታ ነው። ከተማዪቱ ራሷ ናዝሬት ስትባል ኖራ በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ የተመለሰች በመሆኗ፣ ስያሜ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ነዋሪዎቿ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

2. በንግግር የሚገኙት ፍቾች

ይህ ጸሐፊ ወደ አዳማ በሄደበት አንድ ቀን ባጃጅ ተሳፍሮ «ወደ ፓርክ» ቢል፣ ወጣቱ ሾፌር ዘወር ብሎ «የሚሠሩበት ነው ወይስ የሚዝናኑበት፣ ጋሼ?» ሲል ጠየቀው። ጥያቄው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ሾፌሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የቃሉን ሁለት ፍቾች ለይቶ አስቀምጧል፤ የለያቸውም በስሙ ሳይሆን ስሙን በሚያብራሩ ግሦች ነው። ስሙ ብቻውን መለየት ስላቃተው ግሡ ሊረዳው መጣ ማለት ነው።

በንግግርና በጽሑፍ የሚገኙት የቃሉ ፍቾች በአጭሩ አራት ናቸው።

አንደኛው የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ሀብት የሚጠበቅበት ሰፊ ቦታ ነው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክና በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳር የሚገኘው አብያታ ሻላ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በአማርኛ «ጥብቅ ሥፍራ» የሚለው ሐረግ ለዚሁ ፍች ይቀርባል።

ሁለተኛው ሕዝብ የሚናፈስበት፣ ዛፍና አበባ ያለበት የከተማ ቦታ ነው። ለዚህ አማርኛ «መናፈሻ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ በአዲስ አበባ የብሔረ ጽጌ መናፈሻ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክና ከዚያ በኋላ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ እንደሚያሳዩት፣ በቅርቡ ዘመን ስያሜው ከ«መናፈሻ» ወደ «ፓርክ» አዘንብሏል።

ሦስተኛው ተሽከርካሪን ማቆም ነው። «መኪናውን ፓርክ አደረገ» ይባላል። ቦታው ደግሞ «ፓርኪንግ» ይባላል፤ «መኪና ማቆሚያ» የሚለው አገላለጽም አልሞተም፤ ጎን ለጎን ይሠራበታል።

አራተኛው ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ አጥር ውስጥ፣ በጋራ መንገድ፣ ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠሩበት ቦታ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ይህን ፍች በሕግ ቋንቋ አጽንቶታል።

እንግዲህ «በፓርኩ ውስጥ ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢጻፍ በሰዋስው ረገድ ስሕተት አይገኝበትም። ዓረፍተ ነገሩ የሚያስቀው ቋንቋው ስለተበላሸ ሳይሆን፣ አንድ ቃል ከሚችለው በላይ ስለተጫነ ነው።

3. ቃሉ በእንግሊዝኛ ያለፈበት መንገድ

ተርጓሚዎቻችን የቃሉን ድምፅ ሲቀበሉ ታሪኩን አልተቀበሉም። ታሪኩ ግን ለችግሩ ቁልፍ ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። የመጀመሪያ ፍቹ መናፈሻም ደንም አልነበረም፤ የታጠረ ቦታ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ንጉሡ ለመኳንንቱ በፈቀደላቸው መሠረት፣ ለአደን የሚሆኑ አጋዘኖችና ሌሎች አራዊት የሚቀመጡበት የታጠረ መሬት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከዚህ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች ወጡ። በአንድ በኩል የመኳንንቱ ቦታዎች ውለው አድረው ለሕዝብ መናፈሻነት ሲከፈቱ ቃሉ የመናፈሻን ፍች ያዘ። በሌላ በኩል ወታደሮች መድፍና ጋሪያቸውን አሰልፈው የሚያቆሙበትን ቦታ በዚሁ ቃል ስለጠሩት፣ ኋላ መኪና ሲመጣ የማቆም ፍች ከዚያ ተወለደ።

የኢንዱስትሪው ፍች የመጣበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። በማንቸስተር አጠገብ የዴ ትራፎርድ ቤተ ሰብ ርስት የሆነ፣ አጋዘን የሚኖርበት «ትራፎርድ ፓርክ» የተባለ ቦታ ነበር። የማንቸስተር የመርከብ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1894 ከተከፈተ በኋላ፣ ርስቱ በ1896 ተሸጠና ለፋብሪካዎች ተሸነሸነ። አጋዘኖቹ ሄዱ፤ ስሙ ግን ቀረ። ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1911 በዚያ የመኪና መገጣጠሚያ ሲከፍት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ «ፓርክ» የሚለው ቃል የቦታ መጠሪያ ስም እንጂ የፋብሪካ ሠፈር መግለጫ አልነበረም። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ቦታ በአብዛኛው በሌላ ቃል፣ «ኢንደስትሪያል ኤስቴት» ብለው ነው የጠሩት። «ኢንደስትሪያል ፓርክ» የሚለውን አባባል ይበልጥ ያዘወተሩት አሜሪካውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ የተጀመረው ስታንፎርድ ኢንደስትሪያል ፓርክ በሰፊው ይታወቃል። በዚህ አጠራር ውስጥ የማሞገስ ዝንባሌ አለ። ጭስና ጥላሸት ያለበትን የፋብሪካ ሠፈር የሚያስታውስ ሳይሆን፣ ሣርና ዛፍ ያለበት፣ ሥርዓት የያዘ ቦታ መሆኑን የሚናገር ቃል ተፈለገ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። በእንግሊዝኛ «ፓርክ» ብቻውን ሲነገር ሰሚው የሚያስበው መናፈሻን ነው፤ የፋብሪካው ፍች ከፊቱ ያለው ቅጽል ሳይጠራ አይመጣም። በአማርኛ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ቅጽሉ ወድቆ ስሙ ብቻ ቀረ። የአዳማ ሠራተኛ «ፓርክ ገባሁ» ሲል መዝናናቱን ሳይሆን መቀጠሩን መናገሩ ነው። የቃሉ ሕይወት በእኛ ቋንቋ ከምንጩ ተለይቶ የራሱን መንገድ መያዙ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ቅጽሉ እንደሚወድቅ አስቀድሞ አለመገመቱ ላይ ነው።

4. የስያሜው አሠራርና የኡርዱ ምሳሌ

በሰዋስው ረገድም አንድ ነገር መነሣት አለበት። «አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ» የሚለው ስም ሦስት ስሞችን ያለ ምንም አያያዥ ይደረድራል። አማርኛ ስምን በስም ሲያያይዝ በአብዛኛው «የ»ን ይጠቀማል፤ «የወንጂ ስኳር ፋብሪካ»፣ «የመንገድ ሥራ»፣ «የእጅ ሰዓት» እንላለን። ያለ «የ» ከሚደረደሩ ስሞች አንዳንዶቹ እንግሊዝኛን የተከተለ አሠራር የሚታይባቸው ናቸው። በኦሮምኛ ግን ስያሜው «ፓርኪ ኢንዱስትሪ አዳማ» ሆኖ ገብቷል። ዋናው ስም ቀደመ፤ ገላጮቹ ተከተሉ፤ የቃሉ መጨረሻም ለቋንቋው እንዲስማማ አናባቢ ተጨመረለት። ከሁለቱ ቋንቋዎች የባዕዱን ቃል ለራሱ ሕግ ያስገዛው ኦሮምኛ ነው፤ የእኛ አማርኛ ግን ቃሉን ብቻ ሳይሆን የቃላቱን አሰላለፍም ተቀብሏል።

ተመሳሳይ ጉዳይ በሌላው ዓለም እንዴት እንደታየ ለማገናዘብ ኡርዱን መመልከት ይጠቅማል። ኡርዱ ተናጋሪዎች ከእንግሊዝኛ ጋር ረጅም ዘመን ኖረዋል፤ «ፓርክ»ም በቋንቋቸው አለ። መኪና ማቆምን «ጋሪ ፓርክ ከርና» ይሉታል። «ከርና» ማድረግ ማለት ነው፤ አሠራሩ «ፓርክ አደረገ» ከሚለው ከእኛው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች የእንግሊዝኛው ግሥ እንደ ስም ተቆጥሮ «አደረገ» በሚል ረዳት ብቻ መታሰሩ፣ የባዕድ ግሥ ወደ ቋንቋ የሚገባበት የተለመደ በር የቱ እንደሆነ ያመለክታል። «ጋሪ» የሚለው ቃላቸው ደግሞ ለአዳማ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ለብዙ ዓመታት የከተማዪቱ መታወቂያ የነበረውን፣ በፈረስ የሚጎተተውን ጋሪ ያስታውሰዋል።

ልዩነቱ የሚታየው በስሙ ላይ ነው። ኡርዱ ከፋርስ የወረሰውን «ባግ» የሚለውን ቃል ለአትክልት ቦታ ይዞ ቆይቷል፤ ለፋብሪካ ሠፈር ደግሞ «ሰንዐቲ ዒላቃ» ማለትም «የኢንዱስትሪ አካባቢ» የሚል አገላለጽ አለው። «ፓርክ»ን ሲጠቀም እንኳ ብዙ ጊዜ «ሰንዐቲ» የሚለውን የቆየ ቅጽሉን ከፊት ያኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በፓኪስታን የተቋቋመው፣ በ2012 ስሙ የተለወጠው የብሔራዊ ቋንቋ ባለሥልጣን የተሸከመው ሥራ ከእኛ አካዳሚ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነበር። ከዚያ ልምድ የምንማረው፣ የባዕድ ቃል መግባቱን መከልከል ባይቻልም ተርጓሚው የሚመርጠው ሌላ ቃል በእጁ እንዲኖር ማድረግ እንደሚቻል ነው። ተርጓሚ ምርጫ ካለው ያስባል፤ ምርጫ ከሌለው ይገለብጣል።

5. መልካም ውሰት፤ የ«ሼድ» ምሳሌ

ከላይ የተባለው በውሰት ላይ የተነሣ ጥላቻ እንዳይመስል፣ በዚያው በአዳማ የሚነገር ሌላ ቃል እንመልከት። ኩባንያዎች የሚከራዩት ትልቁ የማምረቻ ሕንፃ «ሼድ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል በአብዛኛው የሚያስታውሰው በጓሮ ያለች የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆን ነው፤ ምንም እንኳ በፋብሪካና በባቡር ሥራ ለትልልቅ ሕንፃዎች ቢነገርም። በአማርኛ ቃሉ ትንሽ ጎጆን ፈጽሞ አያመለክትም። ለማምረቻ ወይም ለመሸጫ የተሠራ፣ ሰፊ ጣሪያ ያለው፣ ለተጠቃሚ በኪራይ ወይም በምደባ የሚሰጥ ሕንፃ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች «ሼድ ተሰጠን» ሲሉ ማንም አይሳሳትም።

ፍቹ ከምንጩ መራቁ አልጎዳውም። በአማርኛ «ዳስ» ለሠርግና ለሐዘን የሚጣል ጊዜያዊ መጠለያ ነው፤ «መጋዘን» የዕቃ ማከማቻ ነው፤ «አዳራሽ» የመሰብሰቢያ ነው። የማምረቻው ሕንፃ ስም አልነበረውም፤ «ሼድ» መጥቶ ባዶውን ቦታ ሞላ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ስትጀምር «ፋብሪካ» የሚለው የኢጣልያንኛ ቃል አፋችን ላይ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የውሰት ቃል ሚዛን ባዕድነቱ ሳይሆን የመለየት ኃይሉ ነው። ገብቶ የሚለይ ቃል ይጠቅማል፤ ገብቶ የሚያደባልቅ ቃል ይጎዳል። «ሼድ» በዚህ ሚዛን ያልፋል፤ «ፓርክ» በአራተኛ ፍቹ ይወድቃል።

6. መደናገሩ የሚያስከትለው ጉዳት

«ሰው ከዐውዱ ይረዳዋል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የባጃጁ ሾፌር በአንድ ጥያቄ ተረድቶታል። ነገር ግን ጽሑፍ አይጠየቅም።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የሠራተኞች መመሪያ ረቂቅ እንዲያርም ተጠይቆ ነበር። በረቂቁ ውስጥ «ሠራተኛው ከፓርኩ ፈቃድ ሳያገኝ በሥራ ሰዓት ከፓርኩ መውጣት አይችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኝ ነበር። ጸሐፊው የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ግድፈቶችን አርሞ ይህን ዓረፍተ ነገር አለፈው፤ በሰዋስው ረገድ የሚነቀፍ ነገር አልታየውም። ኋላ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ሲያመሳክር ግን የመጀመሪያው «ፓርክ» በዋናው ጽሑፍ አሠሪው ኩባንያ መሆኑን አየ። ተርጓሚው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚናገሩትን አማርኛ ተከትሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠርቷቸዋል። ግድፈቱ የተርጓሚው ብቻ አልነበረም፤ በሙያው ብዙ ዓመት የኖረው አራሚም ከዚያው ቃል ጋር ተሸውዷል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ማን ከማን ጋር እንደሚዋዋል ማስታወስ ያስፈልጋል። ቦታውንና ሕንፃውን የሚያስተዳድረው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ሼዱን ተከራይቶ የሚያመርተው ኩባንያ ነው። ሠራተኛዋን የሚቀጥራት፣ ደመወዟን የሚከፍላት፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአሠሪነት ግዴታ ያለበት ይኸው ኩባንያ ነው። ሠራተኛዋ ግን «የፓርክ ሠራተኛ ነኝ»፣ «ፓርኩ ቀጠረኝ» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠር መጥታ የሥራ ውል ለፈረመች ወጣት፣ «ፓርክ» የሚለው ቃል ቦታውንም፣ አስተዳዳሪውንም፣ አሠሪዋንም በአንድነት ይሸፍንባታል።

ደኅና በሆነ ጊዜ ይህ ሽፋን አይታይም። ኢትዮጵያ በአሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ የነበራት «አጎዋ» የተባለው ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቋረጥ፣ ለዚያ ገበያ ያመርቱ የነበሩ ኩባንያዎችና ሠራተኞቻቸው በየኢንዱስትሪ ፓርኩ ጭንቀት ላይ ወድቀው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ፓርኩ ሠራተኛ ቀነሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምን ይነግረናል? ቦታ ሠራተኛ አይቀንስም። ቀናሹ ስም ያለው ድርጅት ነው። የስንብት ክፍያ ወይም ያልተከፈለ ደመወዝ የምትጠይቅ ሴት መጀመሪያ ማወቅ የሚገባት በየትኛው በር ማንኳኳት እንዳለባት ነው። ቃሉ ያንን በር ከሰወረባት፣ ጉዳዩ ከመዝገበ ቃላት አልፎ ከእንጀራዋ ጋር ይያያዛል።

7. የቀረቡት አማራጮች ሲመዘኑ

በ«ፓርክ» ፈንታ የሚነሡት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ አንዳቸውም ያለ እንከን አይደሉም።

«የኢንዱስትሪ መንደር» በጽሑፍ የሚገኝ፣ ለጆሮም የሚጥም አባባል ነው። ይሁን እንጂ መንደር ሰው የሚያድርበት ነው። በአዳማ ሠራተኞች በከተማው ቤት ተከራይተው፣ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡበትን ቦታ መንደር ማለት የሌለ ነገር እንደ መስጠት ይቆጠራል።

«ቅጥር» ለቃሉ ጥንታዊ ፍች፣ ለታጠረ ቦታ፣ ከሁሉ ይቀርባል። አዋጁ ራሱ ትርጓሜውን የጀመረው ተለይቶ ከታወቀ ወሰን በመሆኑ ምርጫው ያጓጓል። ነገር ግን «የኢንዱስትሪ ቅጥር» ሲባል የዛሬው አንባቢ የሚረዳው የሠራተኛ መቀጠርን ነው። ከአንድ መደናገር ወጥተን ሌላ መደናገር ውስጥ እንገባለን።

«ግቢ» ቅን ቃል ነው፤ ግን «የፋብሪካ ግቢ» የአንድ ፋብሪካ ግቢ ሆኖ ስለተለመደ የብዙዎቹን ስብስብ አይገልጽም።

«ዞን» ደግሞ በአስተዳደር ቋንቋ ከክልል በታች ያለ እርከን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1322/2016 «ልዩ የኢኮኖሚ ዞን» የሚለውን አባባል ሲጠቀም፣ «ልዩ ዞን» የሚለው ሐረግ በአስተዳደር ረገድ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ሌላ ፍች እንደነበረው ያሰበ ተርጓሚ የነበረ አይመስልም። የ«ፓርክ» ችግር በ«ዞን» ተደገመ።

የቀረው «ቀጣና» ነው። የቃሉ ስፋት አንዳንዴ አንድ ሠፈር፣ አንዳንዴ መላው የአፍሪካ ቀንድ በመሆኑ ይነቀፋል። ነገር ግን ይህ ነቀፋ በገላጭ ቃል ይታረማል፤ ለዚህም ማስረጃው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ነው። ያ ስም ማንንም አላደናገረም። በስያሜ ረገድ ድሬዳዋ ላይ የተቻለው አዳማ ላይ የማይቻልበት የቋንቋ ምክንያት አይገኝም። «የኢንዱስትሪ ቀጣና»፣ «ነፃ የንግድ ቀጣና»፣ «ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና» ተብለው ቢሰለፉ፣ ሦስቱም አንድ ቤተ ሰብ መሆናቸውን ስማቸው ራሱ ይናገራል።

8. የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ ከቀረበው በመነሣት ሦስት ነገሮች ይመከራሉ።

አንደኛ፣ ተመዝግቦ የጸና የተጸውዖ ስም አይነካም። «አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ» ስም ነው፤ ስም እንደ ስም ይጻፋል። በወል ስምነት ሲጠራ ግን ተርጓሚው «የኢንዱስትሪ ቀጣና» ይበል።

ሁለተኛ፣ በሥራ ውል፣ በመመሪያና በማስታወቂያ ውስጥ «ፓርክ» የሚለው ቃል የአድራጊ ባለቤት ሆኖ አይግባ። የሚቀጥረው፣ የሚያሰናብተው፣ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ማን እንደሆነ በስሙ ይጠራ። ይህ ምክር አዲስ ቃል መፍጠርን አይጠይቅም፤ የተርጓሚውን ጥንቃቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ ወደፊት በሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉ እንደሚከተለው ተለይቶ እንዲገባ ለውይይት ይቀርባል።

ፓርክ፣ ስም፣ ከእንግሊዝኛ። 1. የዱር አራዊትና ተፈጥሮ የሚጠበቅበት ቦታ፤ ጥብቅ ሥፍራ። 2. ሕዝብ የሚዝናናበት የከተማ ቦታ፤ መናፈሻ። 3. በንግግር፣ የኢንዱስትሪ ቀጣና፤ በጽሑፍ ብቻውን አይመከርም።

ፓርክ አደረገ፣ ግሥ። ተሽከርካሪን ለጊዜው አቆመ።

ሼድ፣ ስም፣ ከእንግሊዝኛ። ለማምረቻ ወይም ለመሸጫ የሚከራይ ወይም የሚመደብ ሰፊ ሕንፃ።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሕዝብ የሚናገረውን የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። የአዳማ ሠራተኛ ነገም «ፓርክ ገባሁ» ይላል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲነጋገርም ማንም አይሳሳትበትም። ለሠራተኛዋ የሥራ ውል የሚጽፈውና የሚተረጉመው ሰው ግን በዚህ ማመካኘት አይችልም። የባጃጁ ሾፌር ከመንዳቱ በፊት «የቱ?» ብሎ ጠይቋል። ተርጓሚውም ከመጻፉ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።